የኢንተርኔት አድራሻና የመረጃ ቋት፦ ቁጥሩን በትክክል ያልያዘ ሰውን ይበድላል



የዛሬው ርእሳችን ስለ ኮምፒዩተር ነው። «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡን። በዛሬው ጊዜ ልጅን ለቃይታና ማስመዝገብም ሆነ ከኩፓት ሆሊም ቀጠሮ መያዝ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ጋር በምስል መነጋገርም ቢሆን በኢንተርኔት የሚያልፍ ሆኗል። በኢንተርኔት የሚያልፍ ሁሉ ደግሞ አድራሻ አለው። ያንን አድራሻ መዝግቦ የሚይዘው ሰው ሥራውን በደንብ ካላወቀው የሚጎዳው ኮምፒዩተሩ አይደለም። የሚጎዳው ምክንያቱን ሳያውቅ «ምዝገባዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ የሚደርሰው ወላጅ ነው።

እንደሚታወቀው ከተማችን ቤርሼቫ የዚህ ሙያ ከተማ ሆናለች። የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲና የሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅ እዚሁ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በ2013 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የተከፈተው የቴክኖሎጂ መንደርም አለ። አገሪቱን ከኮምፒዩተር ጥቃት የሚጠብቀው፣ በስልክ ቁጥር 119 የሚጠራው ብሔራዊ ማዕከልም የሚሠራው ከዚሁ ከቤርሼቫ ነው። ከልጆቻችንም ይህን ሙያ የሚማሩና የሚሠሩበት አሉ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው፤ ሙያውን ለሚማረው ወጣትና በሙያው ውሳኔ ለሚነካው ወላጅ።

አድራሻው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ይጠቀማል። ይህም «የአይ ፒ አድራሻ» ይባላል። እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ደንብ የወጣው በመስከረም 1981 ሲሆን፣ አድራሻው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ አድራሻዎች በ132.72 ይጀምራሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆኑት አድራሻዎች መካከል በ213.55 እና በ197.156 የሚጀምሩ ይገኙባቸዋል።

አራቱ ቁጥሮች ለሰው ዓይን እንዲመቹ እንዲህ ተከፋፍለው ተጻፉ እንጂ፣ ለኮምፒዩተሩ አድራሻው አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ይህም ቁጥር ዜሮ ወይም አንድ የሆኑ 32 ምልክቶች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። እነዚህ ምልክቶች «ቢት» ይባላሉ። በ32 ቢት የሚገኙት አድራሻዎች በጠቅላላው 4,294,967,296 ናቸው። ይህ ብዙ ቢመስልም የዓለም ሕዝብ ቁጥር ያህል እንኳ አይሆንም። ይህን አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአገር ቤት ሳለን ደብዳቤ ስንጽፍ የምናውቀው ሥርዓት ነበረ። መጀመሪያ ክፍለ ሀገሩ፣ ቀጥሎ አውራጃው፣ ከዚያ ወረዳው፣ ከዚያ ቀበሌው፣ መጨረሻ ላይ የቤት ቁጥሩ ይመጣል። አንዱ በሌላው ውስጥ ነው። ጎንደር የሚለውን ያነበበ ፖስተኛ የቤት ቁጥሩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ደብዳቤውን ወደ ጎንደር ይልከዋል፣ የቀረውን የጎንደር ሰው ይጨርሰዋል።

የአይ ፒ አድራሻም እንዲሁ ነው። የፊተኛው ክፍል ሰፈሩን፣ የኋለኛው ክፍል ቤቱን ያመለክታል። ሰፈሩ «ኔትወርክ» ይባላል። የሰፈሩ ድንበር የት ላይ እንዳለ ለማሳየት ከአድራሻው በኋላ አንድ ዝባዝ መስመርና አንድ ቁጥር ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ የጸናው ከ1993 ጀምሮ ነው። 132.72.0.0/16 ማለት «የመጀመሪያዎቹ 16 ቢቶች የሰፈሩ ናቸው፣ የቀሩት 16ቱ የቤቶቹ ናቸው» ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ውስጥ 65,536 አድራሻዎች አሉ።

213.55.64.0/18 ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። እዚህ ላይ ድንበሩ በነጥቡ ላይ አልዋለም፤ በሦስተኛው ቁጥር መካከል ነው ያለፈው። ስለዚህ ሰፈሩ የሚጀምረው ከ213.55.64.0 ሲሆን የሚያልቀው በ213.55.127.255 ነው። በጠቅላላው 16,384 አድራሻዎች ይሆናሉ። ተማሪው የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩን በዓይን አይቶ «በ213.55.64 የሚጀምር ነው» ይላል፤ 213.55.95.20 ግን የዚሁ ሰፈር ቤት ነው።

ጽሑፍ አድርጎ የመያዝ ጉዳት

«የመረጃ ቋት» የምንለው ኮምፒዩተር መረጃን በሠንጠረዥ አደራጅቶ የሚይዝበት መንገድ ነው። መረጃን በተያያዙ ሠንጠረዦች የመያዝን ሐሳብ ያቀረበው በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው በ1970 ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ዓምዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዝ አስቀድሞ ይነገረዋል። ይህ ዓምድ ስም ይይዛል፣ ያኛው ዓምድ ቀን ይይዛል፣ ይህኛው ቁጥር ይይዛል ይባላል።

አሁን አንድ የማኅበር ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ወጣት አለ እንበል። ማን ከየት እንደ ጎበኘ ለማወቅ አድራሻዎቹን መመዝገብ ይፈልጋል። አድራሻው ቁጥርና ነጥብ ስለሆነ «ጽሑፍ ነው» ብሎ በጽሑፍ ዓምድ ያስቀምጠዋል። መመዝገቡ ይመዘገባል፤ ችግሩ የሚመጣው ጥያቄ ሲጠየቅ ነው።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ጽሑፍ የሚደረደረው እንደ መዝገበ ቃላት ፊደል በፊደል ነው። ስለዚህ 132.72.10.5 ከ132.72.9.5 በፊት ይመጣል፤ ምክንያቱም 1 ከ9 ይቀድማል። አሥር ከዘጠኝ ያንሳል እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚህ የባሰው፣ ሰፈሩ ይጠፋል። ወጣቱ «ከኢትዮጵያ የመጡትን አሳየኝ» ብሎ ከ213.55.64.0 እስከ 213.55.127.255 ያለውን ሁሉ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ባዶ ነው። ለምን ቢሉ፣ በጽሑፍ ዓይን 6 ከ1 ስለሚበልጥ መጀመሪያው ከመጨረሻው በልጦ ተገኘ። መረጃ ቋቱ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም፤ «ማንም የለም» ብሎ ዝም ይላል። ወጣቱም ለማኅበሩ ኮሚቴ «ከአገር ቤት የሚከታተለን ሰው የለም» የሚል ዘገባ ያቀርባል። ኮሚቴውም አምኖት ለዘመዶቻችን የሚዘጋጀውን ዝግጅት ሊያቆም ይችላል። ከሚጮህ ስህተት ይልቅ ዝም የሚል ስህተት አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ቤት ሁለት ስም ያገኛል። አንዱ 132.72.9.5 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 132.72.009.005 ይላል። ጽሑፍ ሆነው ሲታዩ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ላይ ከፊቱ ዜሮ ያለበትን ቁጥር በሌላ የአቆጣጠር ዘዴ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ስላሉ 010 የተባለው ስምንት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በአዲሱ ዓይነት አድራሻ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። 2001:4860:4860:0000:0000:0000:0000:8888 እና 2001:4860:4860::8888 አንድ አድራሻ ናቸው፤ ሁለተኛው ዜሮዎቹ ታጥፈው የተጻፈበት ነው። በጽሑፍ ዓምድ ግን ሁለት እንግዶች ይመስላሉ።

ቁጥር አድርጎ መያዝ

ከጽሑፍ የሚሻለው መንገድ አድራሻውን እንደ አንድ ቁጥር መያዝ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቁጥር በ16,777,216፣ ሁለተኛው በ65,536፣ ሦስተኛው በ256 ይባዛል፤ አራተኛው እንዳለ ይደመራል። በዚህ ስሌት 213.55.64.0 የሚለው 3,577,167,872 ይሆናል፤ የሰፈሩ መጨረሻ 213.55.127.255 ደግሞ 3,577,184,255 ይሆናል። አሁን «ከዚህ እስከዚህ ያለውን ስጠኝ» ብንል ትክክለኛ መልስ እናገኛለን። ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው የመረጃ ቋት ይህን ስሌት የሚሠራ መሣሪያ አብሮት አለ።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ የመረጃ ቋቶች ተራው የቁጥር ዓምድ የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹን ቦታ ከዜሮ በታች ላሉ ቁጥሮች ይተዋል። ከ128 ጀምሮ የሚነሡ አድራሻዎች ሁሉ ከዚህ ይበልጣሉ። የዩኒቨርሲቲያችን 132.72ም፣ የኢትዮጵያው 213.55ም በዚያ ዓምድ አይገቡም ማለት ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች የማይቆጥር ዓምድ፣ ወይም ሰፋ ያለውን የቁጥር ዓምድ መምረጥ ያስፈልጋል። ለአዲሱ 128 ቢት አድራሻ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ 16 ባይት የሚይዝ ዓምድ ይፈልጋል።

አድራሻን አድራሻ ብሎ መያዝ

ከሁሉ የሚሻለው ግን አድራሻን የሚያውቅ ዓምድ ነው። ፖስትግሬስ የተባለውና ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የመረጃ ቋት ከ1998 ጀምሮ ለዚሁ የተሠሩ ሁለት የዓምድ ዓይነቶች አሉት። አንዱ «ኢኔት» ይባላል፤ የቤቱን አድራሻ ከነሰፈሩ ይይዛል። ሌላው «ሳይደር» ይባላል፤ የሚይዘው ሰፈርን ብቻ ነው። ሳይደር ጥብቅ ነው። 213.55.70.0/18 ብላችሁ ብትሰጡት አይቀበልም፤ ሰፈሩ የሚጀምረው ከ64 ነውና «ይህ የሰፈር ስም አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ኢኔት ግን እንደ አንድ ቤት አድርጎ ይቀበለዋል። ማሪያ ዲቢ የተባለውም በ2020 በወጣው 10.5 ዕትሙ ለአዲሱ አድራሻ የሚሆን ዓምድ ጨምሯል።

የዚህ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥያቄውን እንደ ሰው ለመጠየቅ መቻሉ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ሰፈሮችን ይይዛል እንበል፦

132.72.0.0/16 — ቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ
213.55.64.0/18 — ኢትዮ ቴሌኮም
197.156.64.0/18 — ኢትዮ ቴሌኮም

ሌላው ሠንጠረዥ የጎብኚዎችን አድራሻና ሰዓት ይይዛል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሠንጠረዦች የሚገናኙት በእኩልነት ነው፤ የዚህ መታወቂያ ቁጥር ከዚያኛው ጋር እኩል ከሆነ ይያያዛሉ። እዚህ ግን የሚገናኙት አንዱ በሌላው ውስጥ በመሆን ነው። በፖስትግሬስ ይህን ለመጠየቅ የ«ያንሳል» ምልክት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ተጽፎ የእኩል ምልክት ይከተለዋል፤ ትርጉሙም «በዚህ ሰፈር ውስጥ ነው ወይስ ራሱ ሰፈሩ ነው?» ማለት ነው። 213.55.95.20ን ብትሰጡት ያለ ምንም ስሌት ኢትዮ ቴሌኮም ይላችኋል።

አንድ አድራሻ በሁለት ሰፈር ውስጥ ቢገኝስ? በቀበሌም በወረዳም ውስጥ እንዳለ ቤት ማለት ነው። ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲው ከ132.72.0.0/16 ውስጥ አንዱን ክፍል 132.72.40.0/24 ብሎ ለአንድ ትምህርት ክፍል ሰጠው እንበል። 132.72.40.7 በሁለቱም ውስጥ ነው። ደንቡ ጠባቡ ይበልጣል የሚል ነው፤ ከዝባዝ መስመሩ በኋላ ትልቁ ቁጥር ያለው ይመረጣል። ኢንተርኔቱ ራሱ መንገዱን የሚመርጠው በዚሁ ደንብ ነው። በጥያቄያችሁም ውጤቱን በዚያ ቁጥር ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ውሰዱ።

ሠንጠረዡ ሲበዛ እንዳይዘገይ ማውጫ ያስፈልጋል። ተራው ማውጫ ለእኩልነት የተሠራ ስለሆነ «ውስጥ ነው ወይ» ለሚለው ሁልጊዜ አይበቃም። ፖስትግሬስ ከ9.4 ዕትሙ፣ ማለትም ከ2014 ጀምሮ፣ «ጂስት» በተባለው የማውጫ ዓይነት ይህን ይሠራል። በዚሁ ማውጫ «ተደራራቢ ሰፈር አይግባ» ብሎ ማዘዝም ይቻላል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዱን ሰፈር ለሁለት ክፍል በስህተት መስጠት በዚህ ይቀራል።

አድራሻ ሰው አይደለም

እስካሁን የተናገርነው ቁጥሩን በትክክል ስለመያዝ ነው። አሁን የሚቀረው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ስህተት ሊሆን መቻሉ ነው።

አድራሻዎቹ ለዓለም ሕዝብ እንደማይበቁ ቀደም ብለን ተናግረናል። ለዓለም ክፍሎች የሚታደለው የመጨረሻው ክምችት ያለቀው በየካቲት 3 ቀን 2011 ነው። እስራኤል የምታገኝበት የአምስተርዳሙ መሥሪያ ቤትም በኅዳር 25 ቀን 2019 ክምችቱ ማለቁን አስታውቋል። አዲሱና ሰፊው አድራሻ ቢኖርም አሮጌው አልቀረም። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ይጋራል።

ይህንን የአገር ቤት ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ደብዳቤ ወደ ገጠር ስንልክ «ይድረስ ለእገሌ፣ በእገሌ በኩል» ብለን በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንልክ ነበር። አንድ የትምህርት ቤት ወይም የሱቅ ሣጥን የስንቱን ቤተሰብ ደብዳቤ ይቀበል ነበር! በየቤታችን ያለው የኢንተርኔት ሣጥን የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር በ192.168 የሚጀምር የቤት ውስጥ አድራሻ ይሰጣል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም በአንድ አድራሻ «በኩል» ይወጣሉ። ለቤት ውስጥ ብቻ የሚሆኑት አድራሻዎች በየካቲት 1996 በወጣ ደንብ ተለይተዋል፤ በ192.168 የሚጀምሩት፣ በ10 የሚጀምሩት፣ እንዲሁም 172.16.0.0/12 ናቸው። የቴሌፎን ኩባንያዎች ደግሞ ይህንኑ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ይሠሩታል፤ ለዚሁም 100.64.0.0/10 የተባለው ሰፈር በ2012 ተለይቶላቸዋል።

እንግዲህ አንድ ማትናስ ለነጻ የማጠናከሪያ ትምህርት ምዝገባ ከፈተ እንበል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ተብሎ በመረጃ ቋቱ «ከአንድ አድራሻ አንድ ምዝገባ ብቻ» የሚል ገደብ ተደረገ። በቤቷ ኮምፒዩተር የሌላት እናት ልጇን ከቤተ መጻሕፍት ታስመዘግባለች፤ ቀጥላ የመጣችው ጎረቤቷ ግን ትመለሳለች። በመርከዝ ክሊታ የሚኖሩ አሥር ቤተሰቦች በአንድ መስመር ቢጠቀሙ ዘጠኙ ይቀራሉ። የግል መስመር ያለው ሁሉ ያልፋል፤ የሚቀረው የሌለው ነው። ገደቡን የጻፈው ሰው ማንንም ለመበደል አላሰበ ይሆናል፤ ነገር ግን በድሏል።

ሌላም አለ። በማኅበሩ ገጽ ላይ አንድ ባለጌ ከ213.55.95.20 ስድብ ቢጽፍ፣ ጠባቂው ተናዶ 213.55.64.0/18ን በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። የተዘጉት ግን 16,384 አድራሻዎችና በእነርሱ በኩል የሚገቡት ሰዎች ሁሉ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። ባለጌው በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ የልጇን ፎቶ ለማየት ገጹን የምትከፍት አክስት ግን ተዘግቶባት ትቀራለች።

ለሙያው ሰው የሚሆን ምክር

ነገሩን በአጭሩ እንደሚከተለው እናስቀምጠው።

ከአድራሻው ጋር ሁልጊዜ ሰዓቱን መዝግቡ። አድራሻ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ዛሬ የእኔ የሆነው ነገ የሌላ ነው። ሰዓቱንም በዓለም አቀፉ ሰዓት ያዙት። በዚህ አገር በጋ የእስራኤልና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው፤ በክረምት ግን ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ ላይ የአገር ቤቱ ሰው ጠዋት «ሦስት ሰዓት» ሲል እዚህ 9፡00 ማለቱ ነው።

የሰፈሮቹን ሠንጠረዥ አድሱ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የነበረው አንድ የቴሌኮም ድርጅት ነው፤ በ2022 ግን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ጀምሯል። በአሮጌ ሠንጠረዥ የሚፈርድ ሰው በአሮጌ ካርታ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው።

መዝጋት ግድ ከሆነ ከጠባቡ ጀምሩ፤ አንዱን አድራሻ፣ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ። መቼ እንደሚከፈትም በዚያው ሠንጠረዥ ዓምድ ስጡት፤ ቀን ያልተቆረጠለት መዝጊያ ተረስቶ ይኖራልና። ሰውን ከሰው ለመለየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ መለያ ጠይቁ፤ አድራሻው ምልክት እንጂ ማስረጃ አይሁን። የማያስፈልገውንም አታከማቹ፤ የሰው አድራሻ የሰው ምስጢር ነው።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል። «ከዚህ አድራሻ ቀደም ብሎ ተመዝግቧል» ወይም «አድራሻዎ ታግዷል» የሚል መልስ ቢደርሳችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ። ከሌላ ስልክ መስመር ሞክሩ። ካልሆነም ወደ ቢሮው ሄዳችሁ «በዚህ አድራሻ የምንጠቀመው ብዙ ቤተሰቦች ነን፤ እኔ አልተመዘገብኩም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ይህ እውነተኛና ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚረዳው ምክንያት ነው።

ልጆቻችሁም ይህን ሙያ የሚማሩ ከሆነ ጽሑፉን አሳዩአቸው፤ የቀበሌውንና የፖስታ ሣጥኑን ነገር እናንተው አስረዷቸው፤ ከመጽሐፋቸው ይልቅ ከእናንተ ይገባቸው ይሆናል።